ከሰመራ አዋሽ የሚመላለሰው ሳጥን

ሳጥኑ ፍሪጁ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ ኃይለ ልዑል ካረፈ ወዲህ ከዚያ ወርዶ አያውቅም። አቧራውን እጠርጋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ጠዋት ቢሮ እሄዳለሁ፣ መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ ፋይል እቀበላለሁ፣ ፋይል አወጣለሁ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ሰው "እንዴት ነሽ?" ሲለኝ "ደህና ነኝ" እላለሁ፤ ውሸቴንም አይደለም። ምንም አይሰማኝም። የሰመራ ሙቀት እንኳ ትዝ የሚለኝ ሌላ ሰው ሲያማርር ስሰማ ነው።

አላለቀስኩም። የቀብሩ ዕለት በትውልድ አገሩ ደብረ ሲና ዘመዶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እኔ ድንኳኑ በአንድ በኩል መዝመሙን እያየሁ "ይሄን ማን ነው የተከለው?" እያልኩ ነበር። "ደንግጣ ነው" አሉ። አማቴ ግን "ልቧ ድንጋይ ነው" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ትበል።

ኃይለ ልዑል የቴክኒክ ሥዕል መምህር ነበር። ከክፍል ሲወጣ ግን ሥራው ቆርቆሮ ነው። ከቲማቲም ድልህና ከዱቄት ወተት ጣሳ የጅቡቲን መንገድ መኪኖች አሳንሶ ይሠራል፤ ሲኖትራክ ከነተሳቢው፣ ቦቴ፣ የጭነት አይሱዙ፣ ሾፌሩ ፊት የሚንጠለጠለው መቁጠሪያ ሳይቀር። "ይሄን የሚያህል ሰው መጫወቻ ይዞ!" እያልኩ ብዙ ቀልጄበታለሁ። ጎማዎቹን ግን እሱ አይሠራም። እነሱን የሚሠሩት አዋሽ ሰባት ኪሎ ያሉ ጡረተኛ የባቡር መካኒክ፣ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ናቸው። ከነሐስ ቁራጭ እየሞረዱ ነው የሚያወጧቸው። ሁለቱ የተገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ የተሳፈርንበት አውቶቡስ ተበላሽቶ አዋሽ ባደርንበት ዕለት። ከዚያ ወዲህ መኪናው ከእኛ ቤት ያለ ጎማ ይሄዳል፣ ከአዋሽ በጎማ ይመለሳል። ስልክ አይደዋወሉም። ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞተር አጠገብ ኖረው ጆሯቸው ደክሟል፤ አጠገባቸው ቆሞ ከሚጮኽላቸው ሰው በቀር አይሰሙም። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

መጀመሪያ መጀመሪያ ማሸጉ የእኔ ሥራ ነበር። ቢሮ አዲስ ኮምፒውተር ሲገባ ያ አረፋ አረፋ ያለው፣ ሲጫኑት ጧ የሚለው ላስቲክ ይተርፋል፤ ለቃቅሜ አመጣለሁ። መኪናዋን በእሱ እጠቀልላለሁ፣ በፕላስተር አስራለሁ፣ ፌስታል ውስጥ እከታለሁ፣ ፌስታሉን ደግሞ ሌላ ፌስታል ውስጥ። አንድ መዳፍ ለማትሞላ ቆርቆሮ ሕፃን የሚያህል ጥቅል። ጋሽ ወልደ ኢየሱስም እንደዚያው ጠቅልለው ይመልሱልናል። የተቀደደው ላስቲክ ውጭ ይጣላል፣ ነፋሱ ይዞት ይሄዳል። የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም።

የት እንደሚሄድ ያሳየን የአፋሯ ጎረቤታችን የሐጂራ ፍየል ናት። ሆዷ ተነፍቶ፣ መብላት ትታ፣ ቀስ እያለች ሞተች። የሐጂራ ወንድም ምን እንደነካት ለማየት ሆዷን ቢከፍተው እንደ ኳስ የተድበለበለ ላስቲክ ወጣ። መሃሉ ላይ ያ አረፋ አረፋ ያለው አለ። ከእሱ ጋር የተጣበቀው ፕላስተር ላይ በኃይለ ልዑል የእጅ ጽሑፍ "ተሰባሪ ነው" ይላል። ሐጂራ አነበበችው። ለእኛ ግን አንድም ነገር አልተናገረችም፤ ብትሰድበን ይሻለን ነበር። ኃይለ ልዑል ቤት ገብቶ ምሳውን ሳይቀምስ ተኛ።

ከዚያ በኋላ ላስቲክ ቤታችን አልገባም። ለአዋሽ መልእክት ሄደ፤ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ከአሮጌ ፉርጎ ወንበር ጣውላ ይሄን ሳጥን ሠሩ። መልካ ወረር ጥጥ እርሻ የሚሠራ የወንድማቸው ልጅ የሰጣቸውን ጥጥ ሞልተው ላኩት። ማሰሪያ ገመዱን ሐጂራ ከዘንባባ ቅጠል ገመደችልን። ያው ሳጥን፣ ያው ጥጥ፣ ያው ገመድ ይሄዳል፣ ይመጣል። የሚጣል የለም። "ፍየል አሳዳሪ ሆንክ እንግዲህ" ብዬ ቀለድኩበት፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ላስቲኩ ሲቀር በቦታው የገባው አፍ ነው። ዕቃው ደርቦ ስላልተሸፈነ "ከላዩ አትጫኑበት፣ ውኃ አይንካው፣ የእገሌ ነው፣ ለእገሌ ነው" መባል አለበት። ይህን የሚለው አብዱናሲር ነው፤ ከሰመራ አዋሽ ሚኒባስ የሚነዳ የአፋር ልጅ። መንገድ ላይ ለሌላ ሾፌር ማስተላለፍ ካለበትም መንገዱ መሃል ባለችው አዳይቱ ከተማ ቆሞ ቃል በቃል ያስረክባል። አብዱናሲር ዕቃ ብቻ አይቀበልም። እነሱ ዳጉ የሚሉት አላቸው፤ ሁለት ሰው ሲገናኝ ቆሞ ያየውን፣ የሰማውን ይነጋገራል፣ የሰማውም ለሚቀጥለው ያደርሳል። መጨመር ነውር ነው፤ መደበቅም ነውር ነው።

ቅዳሜ ዕለት አብዱናሲር በራችን ላይ መጣ።

"ሉሊት፣ የአዋሹ ሽማግሌ ሳጥኑን ላኩልኝ ይላል። ጎማዎቹን ሠርቶ ጨርሷል።"

"ስለ ኃይለ ልዑል ምን ነገርካቸው?"

"ምንም። ቤተሰቡ ሳይልከኝ እንዴት እነግረዋለሁ? 'ከእኔ አፍ አይደለም' እለዋለሁ፤ አይሰማም። ወይ መስማት አይፈልግም፣ እንጃ። መኪናዬ በቆመ ቁጥር መጥቶ መስኮቱን ይይዛል።"

ሳጥኑን ከፍሪጁ አወረድኩት። ውስጡ ያለችው የመጨረሻዋ ናት፤ ቀይ ቦቴ፣ ጎማ የሌላት። አዲስ አበባ ለሕክምና ከመሄዳችን በፊት አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ጥጡን በጣቱ እየጠቀጠቀ፣ ራሱ ያሸጋት ናት። እኔ ከፍቻት አላውቅም። ወንዝ ዳር እንዳለ ድንጋይ ነው የምትታየኝ፤ አያታለሁ፣ አልፋለሁ። ለአብዱናሲር ሰጠሁት።

"ምን ልበለው?" አለኝ።

"ትንሽ አሞታል በላቸው።"

ሳጥኑን መልሶ ደጃፉ ላይ አስቀመጠው። በቁጣ አይደለም፤ በቀስታ፣ ጥጥ እንዳለበት ስለሚያውቅ። "ዕቃ እይዛለሁ፣ እህቴ። ይሄን ግን አልይዝም።"

"እኛ አገር መርዶ እንዲህ በመኪና መስኮት አይነገርም! ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ እስከዚያ 'አሞታል' ይባላል። ብቻቸውን ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ መንገድ ላይ ቢወድቁስ?"

"እሱን እፈራለሁ። ግን ሞቶ ሳለ አሞታል ካልኩ፣ ከዚህ በኋላ መንገድ ላይ ያለ ሰው የእኔን ቃል ምን ብሎ ይቀበላል?" ጨመረ፤ "ደግሞ አንቺ ለማንም አልተናገርሽም። ለሐጂራም የነገራት ሌላ ሰው ነው።"

"ምን አገባህ!" አልኩትና በሩን ዘጋሁበት። እንዲህ ጮኼ ከተናገርኩ ቆይቻለሁ። እውነቱን ነበር። "ሞተ" የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ሌሎች ይሉታል፣ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ።

ሰኞ ከቢሮ አስፈቅጄ ሳጥኑን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የዕቃ መላኪያ ሄድኩ። አብዱናሲር ብቻ አይደለም መኪና ያለው! ዊዳድ የምትባል ልጅ ተቀበለችኝ። ስም፣ ስልክ፣ መድረሻ። ስለ ሰው የሚጠይቅ የለም። ሳጥኑ አዋሽ ላይ በታጠረ ግቢ ውስጥ ጋሽ ወልደ ኢየሱስን ይጠብቃል፣ እሳቸው መጥተው ይወስዳሉ፤ 'እንዴት ነው፣ ደህና ነው ወይ?' ብሎ ነገር የለም። ደስ አለኝ ልል ነበር፤ ደስታም አልነበረም፣ እፎይታ ብቻ።

"እናሽገዋለን፣ ሳይታሸግ አንቀበልም" አለችና ትልቅ ጥቅል ላስቲክ አነሳች።

ስሱ ላስቲክ እየተተረተረ ሳጥኑን መዞር ጀመረ። ድምፁን ታውቁታላችሁ፤ ጭርር ይላል። ልጅቷ ሥራዋን ታውቃለች፤ አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በአግድሙ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። የሐጂራ ገመድ ከሥሩ ጠፋ። ጣውላው ደበዘዘ።

ሆስፒታል ውስጥም እንዲሁ ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው ብለው ኃይለ ልዑልን በላስቲክ ጠቀለሉት። ሁለት ወንዶች ነበሩ፣ ቀልጠፍ ያሉ፣ ክፉዎችም አይደሉም። ያው ጭርር። በቁመቱ፣ በአግድሙ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ አያለሁ። "ይሄ ሰው እኮ ላስቲክ አይወድም" ልላቸው ፈልጌ ነበር። ለአንዲት ፍየል ብሎ ቤቱ ላስቲክ ያላስገባ ሰው፣ ከነላስቲኩ ሄደ። እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም እንዳልኩ ነኝ።

"ፍቺው" አልኳት።

"እ?"

"ፍቺው! ልጄ ፍቺው፣ እባክሽ።"

ዊዳድ አንድ ጊዜ ፊቴን አይታ ምላጭ አነሳች። ላስቲኩን ቀድዳ ስታወጣው ከጠረጴዛው ላይ ለቃቀምኩ፣ መሬት የወደቀውንም። ነፋስ እንዳይወስደው አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቦርሳዬ ውስጥ እስካሁን አለ፣ የት እንደምጥለው አላውቅም።

የአብዱናሲር ሚኒባስ ሞልቶ ሞተሩ ተነስቶ ነበር። እየሮጥኩ መስኮቱን ያዝኩት። ሳጥኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው አጉረመረመ። ከኋላ አንዲት ሴት "በፀሐይ ልትገድለን ነው?" አለች። አብዱናሲር አልዞረም። ቅዳሜ ምንም ያልተነጋገርን ይመስል ከመጀመሪያው ጀመረ።

"ሰላም ነሽ? ቤትሽ ሰላም ነው?"

"ሰላም አይደለም።"

"ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?"

"ኃይለ ልዑል ሞተ" አልኩ።

ድምፄ የሌላ ሰው ነው የመሰለኝ። ከፊት የተቀመጡ የአፋር ሽማግሌ "ኢናሊላሂ" አሉ። አብዱናሲር ግን አልጨረሰም፤ የት እንደሞተ ጠየቀኝ፣ ምን እንዳመመው፣ አጠገቡ ማን እንደነበር፣ የት እንደተቀበረ። እያንዳንዱን መለስኩ። አጠገቡ እኔ ነበርኩ አልኩ። ውኃ ጠይቆኝ እንደነበር፣ ይዤ ስመለስ እንዳለፈ ነገርኩት። ይህን ለእናቱም አልነገርኳትም።

"አደርሳለሁ" አለኝና ሳጥኑን እግሩ አጠገብ፣ ምንም የማይጫንበት ቦታ አስቀመጠው።

"አብዱናሲር፣ መጀመሪያ አስቀምጣቸው። ቆመው አይስሙት። ጎረቤት ጥራ።"

"አስቀምጠዋለሁ። ውኃም እሰጠዋለሁ።"

ሄዱ። ቢሮ ተመለስኩ፣ ፋይል ተቀበልኩ። ለውጥ የለም፤ ያው ነኝ። ተናገርኩትና ምን ሆነ? ብዬ በራሴ ሳቅሁ።

ሳጥኑ በሳምንቱ መጣ። አብዱናሲር ሳይቀመጥ፣ ቆሞ፣ የተላከውን አንድ በአንድ ተናገረ።

"አስቀምጬ፣ ውኃ አጠጥቼ ነገርኩት። መጮህ አላስፈለገኝም፤ አፌን አይቶ ሰማ። ብዙ አለቀሰ። ከዚያ ጎማዎቹን ገጠመ። እንዲህ በላት አለኝ፦ 'ይሄ ጥጥ የእሱ እጅ ያለበት ነው። ግማሹን ለራሴ አስቀርቻለሁ፣ ትቆጣኝ እንደሆነ ትቆጣኝ። ግማሹ የእሷ ነው። የጎደለውን በአዲስ ሞልቼዋለሁ።' ይሄው ነው። አልጨመርኩም፣ አላስቀረሁም።"

አብዱናሲር ሲሄድ ገመዱን ፈታሁ። ላዩ ነጭ ነው፣ አዲስ የወረር ጥጥ። እሱን አነሳሁት። ሥሩ ያለው ግራጫ ሆኗል፣ ስንት ጊዜ ሄዶ የመጣ። ቀዩዋ ቦቴ በስድስቱም ጎማዎቿ ቆማለች። ከጎኗ ጥጡ ውስጥ ጉድጓዶች አሉ፤ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ያንን ጥግ አልነኩትም። የኃይለ ልዑል ጣት የጠቀጠቀበት ነው። ጣቴን አስገባሁ። የእሱ ጣት ወፍራም ስለነበር ሰፋኝ። ፊቴን ቀበርኩበት፣ የብየዳና የእሱ ሽታ አለው፣ ያን ጊዜ አመመኝ። ሙቀቱም ተሰማኝ፤ ቤቱ እንደ እሳት ነው። እንዴት ነው በዚህ ውስጥ የኖርኩት? ጮህኩ መሰለኝ።

ሐጂራ በሩን ገፍታ ገባች። ወለሉ ላይ ከነጥጡ አገኘችኝ። ከቀብሩ ከተመለስኩ ጀምሮ ምግብ ስታመላልስልኝ፣ ከእኔ ጋር ስትቀመጥ የከረመች ሰው ናት፤ ሁሉንም ታውቃለች።

"ሐጂራ፣ ኃይለ ልዑል ሞተ" አልኳት።

አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠችና እጄን ያዘች።

"መቼ?" አለችኝ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው። "ንገሪኝ። እንዴት ሆኖ?"