የማያልቅ ሰላምታ

በ1981 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ነው። ዳኛቸው በተሰደደበት አገር፣ ሆሎዌይ በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ይሠራ ነበር። እዚያው ከተማ ኤድመንተን ሰፈር የተከራያት ክፍል ስልክ ስለሌላት፣ የአገር ቤት ወሬ የሚደርሰው ስቶክሆልም ያለው አብሮ አደጉ ሳህሉ በኮምፒውተር ሲጽፍለት ነው።

ለበዓሉ ፈቃድ ሲወጣ፣ ማሽኑ ለሚመጣለት ደብዳቤ ሁሉ በሱ ፋንታ «እስከ ማክሰኞ የለሁም፤ እንኳን አደረሰህ» ብሎ እንዲመልስ አዘዘው። ፕሮግራሙ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ እንዲመልስ የሚያስገድድ ገደብ ነበረው። ዳኛቸው ግን ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ ነውር ነው እየተባለ ያደገ ነውና ገደቡን አነሳው። ሳህሉም የዚያው አገር ልጅ አይደል፣ እሱም ለበዓሉ ማሽኑን እንዲሁ አዝዞ ገደቡን አንስቶት ኖሯል!

ዳኛቸው ሲወጣ ለሳህሉ አንድ የመልካም በዓል ደብዳቤ ላከ። የሳህሉ ማሽን መለሰ፤ የዳኛቸው ማሽን ለመልሱ መልስ ሰጠ። መንገድ ላይ ተገናኝተው መለያየት እንዳቃታቸው ሽማግሌዎች «እንኳን አደረሰህ» ሲባባሉ ሰነበቱ። የሁለቱም የደብዳቤ ሣጥን ጢም ብሎ ሞላ።

ማክሰኞ አለቃው በቁጣ ጠበቀው። ዳኛቸው እየሳቀ አራት ሺህ ሰላምታ ደመሰሰ። ገደቡን መለሰ፤ ማሽን የጻፈው ደብዳቤ ሁሉ ምልክት እንዲኖረው፣ ምልክት ላለው ደግሞ ከቶ መልስ እንዳይሰጥ አደረገ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ረቡዕ ሳህሉ ጻፈ፤ «እናትህን አነጋገርሃቸው? ማክሰኞ ከስምንት ሰዓት በኋላ እንድትደውልላቸው፣ አዲስ አበባ ያረፉበትን ቤት የስልክ ቁጥር ቅዳሜ ልኬልህ ነበር።»

የቅዳሜው ደብዳቤ ከዳኛቸው ሣጥን ቦታ አጥቶ ተመልሶ ነበር። «አልደረሰም» የሚለው ማስታወቂያም የሳህሉ ሣጥን ስለሞላ ጠፋ። ዳኛቸው የእናቱን ድምፅ ከሰማ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ወዲያው ከሳህሉ ቁጥሩን ተቀብሎ አዲስ አበባ ዘመዳቸው ውባንቺ ቤት ደወለ።

«ምነው ልጄ!» አሉ ውባንቺ። «እናትህ ዐይናቸውን ሊታከሙ መጥተው፣ ትናንት ከስምንት ሰዓት እስኪመሽ ስልኩ ሥር ተቀምጠው ጠበቁህ። ዛሬ ጧት በወታደር ከሚታጀበው አውቶቡስ ጋር ሄዱ። ከእንግዲህ መንገዱ ዝግ ነው አሉ።»

እናቱ አገር ስልክ የለም፤ ጦርነቱ ከገባ ወዲህ ፖስታም አይደርስም።

«እትዬ፣ እናቴ ምን አሉ?»

ውባንቺ አለቀሱ።

«‹ልጄ በሕይወት ቢኖር በደወለልኝ› ብለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የተሳፈሩት።»