የደረጃው መብራት

«ተወስኗል አሉ» ትላለች ልብስ ሰፊዋ። ስፒሉን ከከንፈሯ ሳታወጣ ነው የምትለው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ሰምቶ ይወጣል። ዚፕ ላስቀይር የሄድኩ ዕለት ለእኔም ነገረችኝ፤ በማግሥቱ ቀሚሴን ልቀበል ስመለስ እንደ አዲስ ወሬ ደገመችልኝ።

«ምኑ ነው የተወሰነው እትዬ?»

«መብራቱ ነዋ። ማዘጋጃ ቤት ለሰፈራችን አንድ የመንገድ መብራት ፈቅዷል። እሱም ሊቀመንበሩ በር ላይ ነው የሚተከለው አሉ።»

«ማን አለ?»

«አሉ ነው የምልሽ።» አሁን ስፒሉን አወጣች። «ጸሐፊዋ አንቺ። አንቺ ያላወቅሽውን እኔ ከየት ላውቀው?»

እንዲህ ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ፣ ማለትም ያናደደኝ። የነዋሪዎች ማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ከአሮጌ ጋዜጣና ከሰው ቤት መጽሐፍ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ሰፈሩ ሊያሽሟጥጠኝ ሲፈልግ «መዝገበ ቃላት» ይለኛል። ይበለኝ። ከተመረቁት የኮሚቴ አባላት መሀል አንድ ደብዳቤ ሳያበላሽ የሚጽፍ ስለጠፋ ነው ወንበሩ ለእኔ የደረሰው። ከማኅበሩ የሚወጣ ማመልከቻ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። የመብራቱ ማመልከቻ አላለፈም።

ሰፈራችን ተዳፋት ላይ ነው። ከላይ መታጠፊያው አለ፤ ታክሲ ሰው የሚያወርደው እዚያ ነው፣ የሊቀመንበሩም በር እዚያው ነው። ከታች በእኛ ረድፍ በኩል ስልሳ አራት እርከን ያለው የድንጋይ ደረጃ አለ። ደረጃው ሲያልቅ ዳቦ ቤቱ ነው። አባዬ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ሳይነቃ በዚያ ደረጃ እየወረደ ሊጥ ሲያቦካ ኖሯል።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ዐይኑ ከዳር ወደ መሀል እየጠበበበት ነው። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው ግን በመድኃኒት ሊቆይ ይችላል አለ። የእጅ ባትሪ ገዛሁለት። ባትሪው አንዲት ክብ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ እግሩ ያለበትን ሲያይ ቀጣዩ እርከን ይጠፋበታል። አንድ ቀን ወድቆ ክርኑ ተላጠ፤ ዳቦ ቤት ሲጠይቁት ውሻ አባሮኝ ነው አላቸው። እጅህን ይዤ ላውርድህ ስለው፣ «ሥራ ነው የምገባው፣ መዋለ ሕፃናት አይደለም» አለኝ። በዚህ ጊዜ እማዬ ቁርጡን ተናገረች፦ ደረጃው ላይ መብራት ከተተከለ ይሠራል፤ ካልተተከለ በወሩ መጨረሻ ያቆማል። አባዬ አልተከራከራትም። ሥራ ያቆመ አባዬን ማናችንም አይተነው አናውቅም።

ስብሰባው ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ቢሯችን የውኃ ታንከሩ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ታንከሩ ሲሞላ ጣሪያው ይንጠባጠባል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አጀንዳ በባልዲ ድምፅ ታጅቦ ነው የሚያልፈው። ሊቀመንበሩ፣ ቧንቧ ሠራተኛውና ወደ አሥር የሚሆኑ ነዋሪዎች ነበሩ።

«ጋሼ፣ አጀንዳ ሳንጀምር አንድ ነገር ልጠይቅ» አልኩ። «መብራቱ እርስዎ በር ላይ ነው የሚተከለው አሉ።»

ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ቀስ ብለው ቀና አሉ። «ማን አለ?»

«እኔም አሉ ተብዬ ነው የሰማሁት።»

«ይሄ አሉ የሚባል ሰውዬ ግን» አለ ቧንቧ ሠራተኛው፣ «ሰፈሩን ሁሉ ያውቃል፣ ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ብቅ ብሎ አያውቅም።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። «ማመልከቻ በጸሐፊዋ በኩል ይወጣል ይላል ደንቡ። ይህኛው አልወጣም። እንግዲህ ወይ ማመልከቻ የለም፣ ወይ ደግሞ ከእኔ የተደበቀ አለ። ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት ካርታ አስተምረዋል። የሰፈሩ እምብርት የእኔ በር ነው ብለው እንዳላስተማሩ እገምታለሁ።»

ይህን የተናገርኩት በዋዜማው ማታ ተዘጋጅቼበት ነው። አሁን የሚስቅ የለም። ባልዲው ውስጥ ሦስት አራት ጠብታ ወረደ።

«ልጄ፣ ምን ይደረግ ነው የምትይው?» አሉ።

«ድምፅ ይሰጥበት።»

«ባይሰጥበት ይሻላል።»

«ለማን ነው የሚሻለው?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት። መልሰው አደረጉት። «እንግዲያው ይሰጥ» አሉ። «ደንቡም ያንቺ ነው።»

ቃል በቃል ጻፍኩት።

እኛ ሰፈር በእጅ ድምፅ አይሰጥም። የቆሻሻ ገንዳው የት ይቀመጥ ሲባል ሠላሳ ስምንት ሰው ተሰብስቦ ስልሳ አንድ እጅ ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ አዲሱን አንቀጽ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፦ አንድ ነገር የት ይተከል ሲባል፣ ነዋሪው እንዲተከል የሚፈልግበት ቦታ ድረስ በእግሩ ሄዶ ይቆማል። ጸሐፊዋ ቦታውን በኖራ ታሰምራለች፣ መስመሩ ውስጥ ያለውን ሰው ትቆጥራለች። ቆጣሪ አይቆምም። እኩል ለእኩል ከመጣ ብቻ ቆጣሪዋ አንዱ ጋ ገብታ ትለያለች። ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊቆም ስለማይችል፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አላጭበረበረም። በዚህ አንቀጽ እኮራ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱንም ቦታ አሰመርኩ። ከእኛ ረድፍ ሰባት ቤት አልወጣም። በራቸውን ሄጄ አንኳኳሁ። «ተወስኗል አሉ እኮ» አሉኝ፣ «ቆመን ፀሐይ ከመመታት በቀር ምን እናተርፋለን?» የመጨረሻውን በር ያንኳኳሁት ለወጉ ያህል ነው።

መታጠፊያው ላይ የቆሙት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ነርሷ ልጇን አስቀድማ ቆማለች። «ይቺን ልጅ እዚችው ጋ ቦርሳዋን ነጥቀዋታል» አለችኝ። «የማታ ተማሪ ናት። ምን ላድርግ?» እውነቷን ነው።

ሊቀመንበሩ ግን አልቆሙም። በራቸውን ዘግተው ውስጥ ናቸው። እጃቸውን ሳያቆሽሹ ሊያሸንፉ ነው ብዬ አሰብኩ።

እማዬ ደረጃው አናት ላይ ከሁሉም ቀድማ ቆማለች፤ ፌስታሏን ይዛ፣ እንደ ታክሲ ጠባቂ። አባዬ ዘግይቶ ወጣ። የሥራ ጃኬቱን ለብሷል። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ መጣና የእኛን መስመር አልፎ ሽቅብ መውጣት ጀመረ።

ያልታየው መሰለኝ። «አባዬ፣ ደረጃው በዚህ ነው» አልኩት።

«የት እንዳለ አውቃለሁ» አለ።

ሽቅብ ወጣ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ኖራውን በጫማው ጫፍ ፈልጎ አገኘው፤ ተሻግሮ ከነርሷ ጎን ቆመ። ቧንቧ ሠራተኛው ዐይን ዐይኔን አየና ወደ እሱ ዞረ።

«ጋሼ፣ መስመር ተሳስተው እንዳይሆን።»

«አልተሳሳትኩም። ለአንድ ሰው ዐይን ተብሎ የሰፈር መብራት አይተከልም። ለልጆቹ ይሁን።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎም እኮ...»

«ልጄ ትቁጠር» አለ። «ፀሐዩ ሳይከር።»

እማዬ ከታች ሆና አየችው። ፌስታሏን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ አዛወረችው። ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ቆጠርኩ። መታጠፊያው ሃያ አንድ፣ ደረጃው አሥራ ዘጠኝ። ደንቡ ሁለት ጊዜ ይቆጠር ስለሚል ደገምኩት። አባቴን ሁለቱንም ጊዜ ቆጠርኩት። ወርዶ እማዬ አጠገብ ቢቆም ሃያ ለሃያ ይሆን ነበር፤ ያኔ እኔ እገባ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ ይህ የለም። ሃያ አንድ ለአሥራ ዘጠኝ ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤ ቧንቧ ሠራተኛው ፈረመ፤ ሊቀመንበሩ በራቸውን በትንሹ ገርበብ አድርገው ፈረሙ። አላነበቡትም። ቅጂውን ማዘጋጃ ቤት የወሰዱትም እሳቸው ናቸው።

ምሰሶው በሦስተኛው ሳምንት ተተከለ። በወሩ መጨረሻ አባዬ ሽርጡን አጥቦ፣ አጣጥፎ ለዳቦ ቤቱ መለሰ። ሌላ ጋጋሪ ቀጠሩ፤ ጎበዝ ነው ይላሉ።

አባዬ አሁንም በዚያው ሰዓት ይነቃል። ካልሲውን ያደርግና አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሲነጋ ያወልቀዋል። ዳቦ ይዤ ስገባ ተቀብሎኝ በአውራ ጣቱ ጫን ያደርገዋል፣ ይመልስልኛል። መድኃኒቱን ዐይኑ ላይ ማንጠባጠቡን ተወው። እማዬ ተቆጣች፣ ለመነች፣ ከዚያ እሷም ተወችው። በአምስተኛው ወር ሐኪሙ ዐይኑን በመብራት አየና መብራቱን አጠፋው። ዛሬ አባዬ መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ብቻ ነው የሚለየው። ደረጃው ላይ አሥር መብራት ቢደረደር አይወርድም።

እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ለጉድጓድ ክዳን ደብዳቤ ጻፍኩ። የውሻ ክትባት ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ሊቀመንበሩን ሳገኛቸው «ደኅና ዋሉ ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ «ደኅና ዋይ ልጄ፣ አባትሽ እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ ደኅና ነው እላለሁ። ሰው ምን ተሰማሽ ይለኛል። ምንም አልተሰማኝም። ልብስ ሰፊዋ አሁን ሌላ ነገር ተወስኗል አሉ እያለች ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የፍሳሽ ቦዩን ማመልከቻ ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሁለቱን ገጽ አንብቦ መለሰልኝ።

«እህቴ፣ ረዝሟል» አለኝ። «ቁጣም በዝቶበታል። የእናንተው ሰፈር ሰው ከዚህ በፊት አሳምሮ የጻፈው አለ፤ እሱን አይተሽ እንደዚያ አድርጊው።»

ከእኔ አሳምሮ የጻፈ የሰፈራችን ሰው ማን እንደሆነ ለማየት ቸኮልኩ። ፋይሉን ከመደርደሪያ አውርዶ በጨርቅ ጠረገና ገልጦ ሰጠኝ።

አንድ ገጽ ነው፣ በእጅ የተጻፈ፣ የሊቀመንበሩ ጽሑፍ። ከጎኑ የሰፈሩ ካርታ በእርሳስ ተነሥቷል፤ ተዳፋቱ በቀጫጭን መስመር ተሰምሯል፣ ስልሳ አራቱ እርከን አንድ በአንድ አለ። «መብራቱ በደረጃው አናት ላይ እንዲተከልልን እንጠይቃለን» ይላል። «ዳቦ የሚጋግርልን ጎረቤታችን በዚህ ደረጃ ሃያ ስድስት ዓመት ወርዷል፤ ዐይኑ ደክሟል። ሰውየው ውለታ የማይወድ በመሆኑ፣ የማኅበሩ ጸሐፊም ልጁ በመሆኗ፣ ጉዳዩ በስብሰባ ተነሥቶ እንዳያፍሩበት በራሴ ኃላፊነት አቅርቤዋለሁ።»

ከግርጌው በሌላ ሰው እጅ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦ «በነዋሪዎች ድምፅ ወደ መታጠፊያው ተዛውሯል፤ ቃለ ጉባኤ ተያይዟል።» የተያያዘውን ገለጥኩ። ሃያ አንድ ለአሥራ ዘጠኝ።

«አየሽ፣ አጭር ነው» አለ ሠራተኛው። «ኮፒ ላድርግልሽ?»

«አያስፈልግም» አልኩ።

ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩ። ካርታው ላይ፣ ልክ ደረጃው አናት ላይ፣ «ተፈቅዷል» የሚል ክብ ማኅተም አለ። የተመታው ሰኞ ነው፤ ስብሰባችን ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው።