የከሳሹ መንገድ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚያን ጠባብ መንገድ ስም ያወጣው ግን ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ስም ሲያወጣ ለማንም አይራራም።

ታፔላ ጻፊዋ ተወልዳ ያደገችው «የከሳሹ መንገድ» ላይ ነው። ከሳሹ አባቷ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ቅጽል ስሙ ግን አብሮት አልተቀበረም። በልጅነቷ «የከሳሹ ልጅ መጣች፣ ዝም በሉ፣ ትከሰሳላችሁ» እየተባለች ነው ያደገችው። አባቷ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ታስታውሳለች። ነገረኛ ይመስላት ነበር። ትወደዋለች፣ ታፍርበታለችም።

ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ የመንገዶቹን ታፔላ እንድትጽፍ ሲቀጥራት፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያ ስም ቁጭ ብሏል። «የነዋሪውን ሁሉ ፊርማ እስከ ነገ ካመጣሽ ይቀየራል» አላት ጸሐፊው። «የሰላም መንገድ» ብላ መረጠች፤ ሰላምን ማን ይጠላል? ከአሥራ ሁለቱ ቤቶች አሥራ አንዱ ፈረሙላት። የቀሩት ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ብቻ ነበሩ።

ወረቀቱን አነበቡና የስፌት መኪናቸው ላይ አስቀመጡት።

«አልፈርምም፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ አባቴ እኮ ነው። ነገረኛነቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀል?»

«ነገረኛ ማን አለሽ? ይህን መንገድ አንድ ባለሀብት አጥሮ ግቢው ሊያደርገው ነበር። ልንከሰው ሁላችንም ተማማልን። ጠዋት ፍርድ ቤት የተገኘው አባትሽ ብቻ ነው። ስምንት ዓመት ተመላልሶ አስፈረደ። ለምን ቀራችሁ እንኳ አላለንም።»

«ታዲያ ለምን ትስቁበት ነበር?»

«ፈሪ ምን ያደርጋል? ሲያሳፍረን ሳቅንበት። ስሙንም ያወጣሁለት እኔ ነኝ።» አንገታቸውን ደፉ። «እነዚያ አሥራ አንዱ እንዲያ ተሽቀዳድመው የፈረሙልሽ ለምን ይመስልሻል?»

ተናደደች። በእሳቸው ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ከጓደኞቿ ጋር ሆና አባቷን መንገድ ላይ አይታው እንዳላየች አልፋዋለች፤ እሱም አልጠራትም። ያ ቀን ትዝ ሲላት በራሷ ተናደደች።

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ስሙን እንዳለ እጽፈዋለሁ» አለች። «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እሰቅለዋለሁ። መሰላል የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ታፔላውን ተሸክማ ስትመጣ ሽማግሌውን ቀድመዋት ደርሰው፣ ግድግዳው ሥር ቆመው አገኘቻቸው።