ከመዝገቡ ውጭ ያወቅሁት

ነገሩ የተበላሸው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያበላሸውም የገዛ እጄ ነው።

ኮርቢኒያን ሽታድልሁበር እባላለሁ፣ የሮዘንሃይም ሰው፣ የማሽን መሐንዲስ። ሙኒክ ላይ የፈጠራ መብት ክርክር የሚሰሙት ሁለት የሕግ ዳኞችና አንድ የሙያ ዳኛ ናቸው፤ የሙያው ዳኛ እንደ ጉዳዩ ከስም ዝርዝር ይመረጣል። እኔ ዝርዝሩ ላይ ስድስት ዓመት ከረምኩ። መድኃኒት ሲመጣ፣ ስልክ ሲመጣ ሌሎች ይጠራሉ፤ እኔ እበግናለሁ። በመጨረሻ ብሬዝ፣ ያን የተጠማዘዘ ዳቦ የሚሠራ ማሽን መጣና ተጠራሁ። ቅጹን ፈረምኩ፦ አክሲዮን የለኝም፣ ዘመድ የለኝም፣ ለሁለቱም ወገን ሠርቼ አላውቅም። እውነቴን ነበር።

ከሳሹ ትልቅ ድርጅት ነው። ተከሳሿ ወይዘሮ ፒርንባኸር አሥራ አራት ሠራተኛ ያላቸው ባለ ወርክሾፕ ናቸው፤ ከተፈረደባቸው ይዘጋሉ። ጠቡ በአንዲት ነገር ነው፦ የማሽኑ ሁለት ክንዶች ሊጡን ከመጠምዘዛቸው በፊት ለአፍታ ቆም ይላሉ። «ይህን ያሰብነው እኛ ነን» ይላል ድርጅቱ። ቀድሞ በአደባባይ የታየ ነገር መብት አያሰጥም፤ የሴትዮዋ ጠበቃ ግን ቀድሞም እንደነበረ ማስረጃ ማቅረብ አልቻለም።

ማክሰኞ ለሕግ ዳኞቹ ማሽኑን ላስረዳ ተቀመጥን። ፎጣ ጠቅልዬ በሁለት እጄ ያዝኩ። «ሊጥ ሲሳብ ይኮማተራል። ክንዱ ቆም ሲል ግራው ትንሽ ወደ ኋላ ይመለስለታል፤ እንዲህ።»

ሰብሳቢዋ ዶክተር ቲትየን መነጽራቸውን አወለቁ። ከሰሜን የመጡ፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው።

«የግራው መመለስ ስንተኛ ገጽ ላይ ነው?»

ገለበጥኩ፣ ደግሜ ገለበጥኩ። የለም።

«ታዲያ ከየት አመጡት?»

«እንጃ» አልኩ። ውሸቴን አልነበረም፤ እጄ ነው የሚያውቀው።

ወደ ቤት ስመለስ ባቡር ላይ መቀመጥ አቃተኝ፤ ከበር በር ስመላለስ ሰው ታዘበኝ። ልንደርስ ስንል ትዝ አለኝ፦ ጋጋሪው ኦበርሞዘር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ የጥገና ተለማማጅ ነበርኩ። ሰውየው ጓሮው ውስጥ ራሱ የሠራው የብሬዝ ማሽን ሱቁ መስኮት ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየው ነበር። ግራሶ የምቀባው እኔ ነኝ። ሰውየው ሞቷል፣ ማሽኑም ቁርጥራጭ ብረት ሆኗል።

ኮቴን ሳላወልቅ ምድር ቤት ወረድኩ። እኛ ዘንድ ተለማማጅ በየሳምንቱ የሠራውን ደብተር ላይ ይጽፋል፣ አለቃው ይፈርምበታል። አገኘሁት፦ መጋቢት 1981፣ የክንዱ ሥዕል፣ ቀስት፣ «እዚህ ይቆማል»፣ ከሥሩ የአለቃዬ ፊርማ።

«አንተ ሽማግሌ፣ አይጥ ሆንክ እንዴ የምትቆፍረው?» አለችኝ ባለቤቴ ዋልቡርጋ ከደረጃው ላይ። ነገርኳት።

«ስድስት ዓመት ጠብቀህ? ማን ሊያውቅብህ? ዝም ብለህ በመዝገቡ ፍረድ።»

«በመዝገቡ ከፈረድኩ ሴትዮዋ አለቀላት።»

«ከተናገርክ ደግሞ ላንተ አለቀልህ።»

«እሱ መቼ ጠፋኝ?» ብዬ ጮህኩባት። የተናደድኩት በእሷ አልነበረም። ጠዋት ደብተሩን ከምሳዬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከታው አገኘሁት።

ዶክተር ቲትየን ደብተሩን አልነኩትም። «እኔ ካየሁት ተከራካሪዎቹም ማየት አለባቸው» አሉ። «የመረጥንዎ ማሽን ስለሚያውቁ ነበር። ይህኛውን ካወቁት ግን ከእኛ ጋር መቀመጥ አይችሉም። ምስክር ነዎት።»

«አውቃለሁ።»

«አዝናለሁ» አሉ፤ ከልባቸው ይመስለኛል።

የችሎቱ ዕለት ወንበሬ ላይ ሌላ የሙያ ዳኛ ተቀምጦበታል፣ ጢሙ ገና ያልጠነከረ። ቀናሁበት፣ ምን ይደበቃል። ለምስክርነት ቆሜ ሥራዬን ሲጠይቁኝ ስድስት ዓመት የተለማመድኩትን «የሙያ ዳኛ» የሚል መልስ ዋጥኩና «ማሽን ጠጋኝ» አልኩ። ልጁ ግን ጎበዝ ነው፤ «ግራው ለምንድን ነው የሚመለሰው?» ብሎ ዋናውን ነገር ጠየቀኝ። በባዶ እጄ አሳየሁት፤ ጻፈ።

ድርጅቱ ተረታ። ኮሪደሩ ላይ ወይዘሮ ፒርንባኸር እጄን ጨብጠው አልለቅም አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ዳኛ ነበሩ ሲሉ ሰማሁ» አሉኝ።

«አዎ፣ አንድ ማክሰኞ» አልኳቸው።