ባለ ሦስት ጭስ ማውጫው መርከብ

ባሌ ያሶኪቺ መርከቡን አላየውም። እኔም አላየሁትም። ኡራጋ ወደብ ላይ የባዕድ ሰው ጥቁር መርከብ መጥቶ ቆመ ሲባል ግን ኤዶ ከተማ በሙሉ ሥዕሉን ፈለገ፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው ወሬ እንጨት ላይ ቀርጸን፣ በወረቀት አትመን በመሸጥ ነው። እኔ እቀርጻለሁ፤ እሱ፣ የተከለከለ ሥራ ነውና የሹም ሰዎች እንዳይለዩት ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው ደፍቶ፣ መንገድ ላይ እየጮኸ ይሸጣል።

«ኦሪኩ፣ ጭስ ማውጫ ጨምሪበት» አለኝ።

«ስንት ነው ያለው?»

«አንድ ነው አሉ። አንቺ ሦስት አድርጊው። ባለ አንዱን ማን ይገዛል?»

ሦስት አደረግሁት። በጥድፊያ መሮው አዳልጦኝ የሸራው ምሰሶ ጫፍ ተሸረፈ። «ተይው፣ ማን ያያል!» አለ። ገበያው ደራለት፤ ማንበብ የማይችለው ጋሪ ጎታቹ ጎንዛ እንኳ ገዛው።

ከቀናት በኋላ ያሶኪቺ የሌላ አታሚ ወረቀት ይዞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ።

«ሦስት ነው! እነሱም ሦስት ነው አሉ! እውነት ነው ማለት ነው፤ ባዕዶቹ ሊያቃጥሉን ነው!»

ወረቀቱን ነጠቅኩት። የምሰሶው ጫፍ ተሸርፏል። የኛን ወረቀት እንጨት ላይ ለጥፈው በላዩ ቀርጸውበታል፤ ስህተቴን እንኳ አላረሙም።

«አንተ ሰው፣ ይሄ የኔ እጅ ነው! ሽርፉን አታየውም? የገዛ ውሸትህን ነው የምትፈራው!»

«እኔ ብዋሽ ሰው ሁሉ ይዋሻል?»

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ተናድጄ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ መሮዎቼ ከቦታቸው የሉም። የአባቴ መሮዎች ናቸው፤ ሙያውን ያስተማረኝ በነሱ ነው፤ ያለነሱ እንጀራ የለኝም።

«መሮዎቼስ?»

ባርኔጣውን ማሻሸት ጀመረ። «በጋሪው ኪራይ ፈንታ ለጎንዛ ሰጠሁት። ጋሪ አልተገኘማ! ሰው ሁሉ እየሸሸ ነው። እቃችንን ጭኖ እናቴ አገር ያደርሰናል።»

እጁን ይዤ እየጎተትኩ ጎንዛ ቤት ወሰድኩት። በሩ ተበርግዷል፤ ጋሪው የለም። አንዲት አሮጊት ጎረቤቱ ደጃፏን ትጠርጋለች።

«ጎንዛን ነው? አሁን ገና ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ እየተጣደፈ ሄደ።»

«የኛ እቃ አለ እሱ ጋ! መሮ!»

«ይዞት ነዋ የሄደው። ምን ያድርግ ልጄ፣ ያየው ነገር የዋዛ አይደለም» አለችና፣ በመጥረጊያዋ የጎንዛን ግድግዳ አመለከተችኝ። ከባሌ የገዛው ወረቀት ተለጥፎበታል።

ያሶኪቺ ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው ደፋ።

«ምን ይሻለናል ኦሪኩ?» አለኝ በቀስታ።

«አራተኛ ጭስ ማውጫ እንጨምርበት» አልኩት። «በጥፍሬ እቀርጽልሃለሁ።»