ብቻዎን አይብሉ

"ወተቱ አይደለም" አለች ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት እያየች። "ለውዙ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ስንት ዓመት ሙሉ ከወተት ስትሸሽ ኖራለች! በስፌት ቤቱ ሁሉም ምሳውን መሐል ላይ ከፍቶ በጋራ ስለሚበላ፣ አይብ የነካ ማንኪያ እንዳይደርስባት ብላ ከጨርቅ ጣቃዎቹ ጀርባ ብቻዋን መብላት የጀመረችው በዚሁ ሰበብ ነው። ባልደረቦቿ መጀመሪያ ለመኗት፣ ቀጥለው ተቀየሟት፣ በመጨረሻ "ወይዘሮ አይስማማኝም" የሚል ስም አወጡላትና ተዉአት። መተዋቸው ከስሙ ይልቅ ያማት ነበር።

"ወተት ስጠጣ እኮ ሆዴን ነፍቶ መድረሻ ያሳጣኛል" አለች፣ ለመከራከር ያህል።

"እሱ አለመስማማት ነው፣ እትዬ። ሆድዎ ወተቱን መፍጨት ያቅተዋል፤ ያስቸግርዎታል እንጂ አይገድልዎትም። ትንሽ ቢቀምሱም ችግር የለውም። አለርጂ ግን ሌላ ነው። ሰውነትዎ ለውዙን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሳበታል። ከንፈር ያብጣል፣ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ለዚያ ደግሞ ብናኙም ይበቃል። ያ ብስኩት ሲያንቅዎት አጠገብዎ ማን ነበር?"

ማንም አልነበረም። የለውዝ ብስኩቱን የገዛችው ባለሱቁ ወተት የለበትም ስላላት ነው። ከጣቃዎቹ ጀርባ ተቀምጣ አንዴ ገመጠችው፣ ትንፋሿ አጠረ። የሰዎቹ ሳቅ ከጠረጴዛው በኩል ይሰማታል፤ የእሷ ድምፅ ግን አልወጣ አለ። ደግነቱ ቀስ በቀስ ለቀቃት። ከንፈሯ አብጦ ስትወጣ ልብስ ተኳሿ "ደግሞ ዛሬ ምን አልተስማማሽም?" ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። እሷም አብራ ሳቀች።

ሐኪሟ እስክሪብቶ የመሰለ መርፌ ሰጠቻት። "ጉሮሮዎን ሲይዝዎት ጭንዎ ላይ ይወጉታል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ግን እጅዎ ሊከዳዎት ስለሚችል ሌላ ሰውም ይወቀው። ከእንግዲህ ብቻዎን አይብሉ።"

"ከማን ጋር?" ልትል አፏን ከፈተችና አፍራ ተወችው።

ስፌት ቤቱ ስትደርስ ምሳ ሰዓት ነበር። እግሯ እንደ ልማዱ ወደ ጣቃዎቹ ጀርባ ወሰዳት። ምሳዋን ከፈተች፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ መልሳ አስቀመጠችው። እዚህ ብትሞት ማን ያያታል? ምሳ ዕቃዋን ይዛ ተነሳች።

"ኧረ ጉድ!" አለች ልብስ ተኳሿ ስታያት። "ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?"

"ወተት ይገድለኛል ያልኳችሁ ልክ አልነበረም" አለች ሰፊዋ እንደቆመች። "ሆዴን ነው የሚነፋኝ። የሚገድለኝ ለውዝ ነው።"

"ወተቱ አለፈልንና ደግሞ ለውዝ መጣብን!" አለች ተኳሿ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ።

መመለስ ትችል ነበር፤ ማንም አይከለክላትም። "ያን ቀን ከንፈሬ ሲያብጥ" አለች፣ "እዚያ ጋ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። ስትስቁ እሰማለሁ። ልጠራችሁ ብል ድምፅ አልወጣልኝም።"

ማንም አልሳቀም። ቆራጩ ሰውዬ ፊቱ የነበረውን የተቆላ ለውዝ ሰብስቦ ይዞ ወጣ፤ ከደጅ እጁን ሲታጠብ ተሰማ።

"እውነትሽን ነው?" አለች ተኳሿ። "እኔ እኮ... ቀልድ መስሎኝ ነው፣ እቴ።"

ሰፊዋ መርፌውን ከቦርሳዋ አወጣች። ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸውና ለተኳሿ ዘረጋችላት።

"ጉሮሮዬን ሲይዘኝ የምወጋው ይህን ነው። አንቺ ጋ ይሁን።"

"እኔ ጋ? ይህን ሁሉ ሰው ትተሽ?"

"ፊቴ ሲለዋወጥ ቀድመሽ የምታይው አንቺ ነሽ።"

ተኳሿ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ተቀበለቻት። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት።

"ነይ ቁጭ በይ" አለች። "መጀመሪያ የት እንደምወጋሽ አሳዪኝ።"