ዕቃ ሰባሪ

ያብስራ ብርጭቆ ሰበረች። ነገሩ ይኸው ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ብርጭቆ ይሰበራል። አያቷ እማማ አመለወርቅ ግን ከሶፋው ቀና ብለው «አይ አንቺ ዕቃ ሰባሪ!» ሲሉ፣ ስብርባሪውን ትጠርግ የነበረችው እናቷ እታገኝ ደርቃ ቀረች።

እሷ ባደገችበት የጎጃም ገጠር ይህ ቃል እንዲሁ አይወረወርም። ያልተገረዘች ሴት ዕቃ ትሰብራለች፣ ዓይን አውጣ ትሆናለች፣ ባል አይበረክትላትም ይባላል። እታገኝንም ይህ ሁሉ እንዳይደርስባት ብለው በስምንት ቀኗ ገርዘዋታል። ያተረፈችው ያብስራን ስትወልድ የተተረተረ ጠባሳና ለባሏ ለሀብቱ እንኳ አፍ አውጥታ የማትነግረው ሕመም ነው። አማቷ እማማ አመለወርቅ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ከአሜሪካ፣ ከሳን ሆዜ ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ፣ ያብስራን ለእረፍት ይዘዋት ሊሄዱ ነው።

ከሰዓት በኋላ እማማ በረንዳ ላይ ሆነው፣ ባሕር ዳር ካለው ልጃቸው ከአቤሴሎም ጋር በስልክ ሲያወሩ ሰማቻቸው።

«ኦክላንድ ያለችው ሴትዮ ጋ ሄጄ፣ ነገ የልጅቷንም አስቆርጣለሁ። ለእናቷ እንዳትነግራት፤ እምቢ ትላለች።»

እታገኝ የያብስራን ክፍል በር ዘጋችና በረንዳው ላይ ወጣች። በአማቷ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን አደረገችው።

«እማማ፣ ልጄን ማንም አይነካትም! ፖሊስ ኮል አደርጋለሁ!»

«ምነው ልጄ፣ ምን አደረግሁ?»

«ሊያስቆርጧት አይደል? በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

እማማ ስልኩን ዘጉ። «ትኬቷን ነው'ኮ! ሴትዮዋ ትኬት ሻጭ ናት። እኔ ልክፈል ብልሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው የደበቅሁሽ።»

እታገኝ ግን ገና አላመነችም። «እዚያ ከደረሳችሁ በኋላስ?»

የአሮጊቷ ድምፅ ወረደ። «የመጀመሪያ ልጄን ያስገረዝኳት እኔ ነኝ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ። ደሙ አልቆም አለ፤ ስም እንኳ ሳላወጣላት ቀበርኳት። ከዚያ ወዲያ የወለድኳቸውን ሴቶች ማንም ምላጭ ይዞ አልተጠጋቸውም፤ እንኳን ያብስራን! ዕቃ ሰባሪ ያልኳትም አፌ ለምዶብኝ ነው፤ ምላሴ ይቆረጥ።»

እታገኝ እፎይ አለች። ሳቁም ልቅሶውም አንድ ላይ መጣባት። «ውሃ ላምጣልዎ» ብላ ኩሽና ገባች፤ ብርጭቆው ግን ከእጇ አምልጧት ወለሉ ላይ ተበተነ።

ያብስራ በሩን ከፍታ ብቅ አለች። «ማሚ! ዩ ብሮክ ኢት ቱ! አንቺም ሰበርሽ!»

እማማ አመለወርቅ ተከትለው ገቡ። ስብርባሪውን አዩ፣ ምራታቸውን አዩ። ከዚያ ትከሻዋን አቅፈው በጆሮዋ እንዲህ አሏት፦

«አየሽ፣ እኛንስ በከንቱ ነው የቆረጡን።»